የልብ ወለድ ታሪክ ምንጭና የደራሲው ዕዳ

ደራሲ ከአንባቢዎቹ ጋር በተገናኘ ቁጥር ሳይጠየቅ የማይታለፍ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይህን ታሪክ ከየት አመጣኸው?» የሚል ነው። ጥያቄው በትምህርት ቤት አዳራሽም፣ በመጽሐፍ ምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይም፣ በሬዲዮ ቃለ ምልልስም ይነሣል። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ወጣት ነው፤ እርሱም መጻፍ ይመኛል፤ ምንጩ ያለበትን ስፍራ የሚጠቁመው ቢያገኝ እንስራውን ይዞ ለመውረድ የተዘጋጀ ይመስላል። መላሹም እንደ ጠባዩ አንዱ «ከሕይወት»፣ ሌላው «ከምናቤ» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም መልሶች ሐሰት አይደሉም፤ ነገር ግን ሁለቱም ከጥያቄው ያመልጣሉ።

ይህ ጥያቄ በአማርኛ ሲነገር ከማወቅ ጉጉት የጠለቀ ትርጉም አለው። ልጅ የቤቱ ያልሆነ ዕቃ በእጁ ይዞ ሲገባ እናት በመጀመሪያ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «ከየት አመጣኸው?» ትለዋለች። ዕቃው የተገኘበትን ቦታ ለማወቅ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ማን ነው? በፈቃድ ነው ወይስ ያለ ፈቃድ? ትመልሰዋለህ ወይስ አትመልሰውም? የሚሉት ሁሉ በዚያች በአንዲት ጥያቄ ውስጥ ታጭቀዋል። በልብ ወለድ ደራሲ ፊት የሚነሣውም ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። የታሪክ ምንጭ ጉዳይ የጥበብ ጉዳይ ከመሆኑ አስቀድሞ የኅሊና ጉዳይ ነው።

ልብ ምን ይወልዳል?

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮማ ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል፤ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀውም እርሱ ነው። ስያሜው ከልብ የተወለደ ማለት ነው። ከዚህ በመነሣት ታሪኩ ከደራሲው ልብ በቀር ሌላ ምንጭ የለውም ብለው ለመደምደም የሚቃጣቸው አሉ። ይሁን እንጂ ቃሉ «ወለደ» ይላል እንጂ «ፈጠረ» አይልም። መውለድ ዘር ይፈልጋል፤ ጊዜና ምጥም ይፈልጋል። የሚወለደውም ልጅ መልኩን ከአንድ ወገን ብቻ አያመጣም።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ ሥነ ጽሑፍ የሕይወት መስተዋት ነውና ደራሲው ያየውን ከማሳየት በስተቀር ከራሱ የሚጨምረው ነገር የለም ይላሉ። ይህም አባባል ጐደሎ ነው። መስተዋት ከፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሳያል፤ አይመርጥም፣ አያዝንም፣ አያፍርም። በመርካቶ በአንድ ቀን ውስጥ የሚደረገውን ሁሉ፣ የሚሸጠውንና የሚገዛውን፣ የሚታለለውንና የሚያታልለውን፣ ተሸክሞ የሚወድቀውንና አይቶ የሚያልፈውን ሁሉ መዝግቦ ለመጨረስ የሚችል ደራሲ የለም። ከዚያ ሁሉ መካከል አንዱን አንሥቶ ሌላውን የሚተወው ሰው ነው። ስለዚህ ታሪክ የሚገኘው የት ነው? ከሚለው ጥያቄ ይልቅ፣ ይህ ደራሲ ይህን ታሪክ የመረጠው ስለ ምን ነው? ከመረጠውስ በኋላ ምን አደረገው? የሚሉት ጥያቄዎች የበለጠ ክብደት አላቸው።

በአዝማሪ ቤት ያለው ልማድ ነገሩን ያብራራዋል። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ይቀበላል፤ በማሲንቆው አጅቦ፣ በድምፁ አስውቦ መልሶ ለቤቱ ያሰማል። ቃሉ የሰጪው ነው፤ ዜማው የአዝማሪው ነው፤ ደስታው የቤቱ ነው። ሰጪው ማን እንደ ሆነ ግን በቤቱ ያለው ሁሉ ሰምቷል፤ አዝማሪውም ሊክደው አይችልም። የልብ ወለድ ደራሲ ከአዝማሪው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው መስጠታቸውን ከማያውቁ ሰዎች ነው። «ተቀበል!» ያለው የለም፤ እርሱ ግን ተቀብሏል። ዕዳው የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

የጠፋው ጠመንጃ

የሩስያው ደራሲ ኒኮላይ ጎጎል እ.ኤ.አ. በ1842 ያሳተመው «ካፖርቱ» የተባለው አጭር ልብ ወለድ ከምን እንደ ተነሣ ወዳጁ ፓቬል አኔንኮቭ በትዝታ ጽሑፉ መዝግቦታል። አንድ ቀን ጎጎል ባለበት የተሰበሰቡ ሰዎች ሲጫወቱ አንደኛው ስለ አንድ ድኻ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሚነገር ቀልድ አወራ። ጸሐፊው የወፍ አደን የሚወድ ሰው ነበር። ከሆዱ ቈጥቦ፣ ከመደበኛው ሰዓት ውጭም ተጨማሪ ሥራ እየሠራ 200 ሩብል ያህል አጠራቀመና የተመኘውን ጥሩ ጠመንጃ ገዛ። በመጀመሪያው የአደን ቀን በትንሽ ጀልባ ወደ ፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ወጣ፤ ጠመንጃውንም ከጀልባዋ ፊት ለፊት አጋደመው። በደስታ ራሱን ስቶ ሳለ ጀልባዋ ጥቅጥቅ ባለ ደንገል መካከል ስታልፍ፣ ደንገሉ ጠመንጃውን ጠርጎ ውሃ ውስጥ ጣለው። ቢፈልግ ቢያስፈልግ አላገኘውም። ወደ ቤቱ ተመልሶ በትኩሳት አልጋ ላይ ወደቀ። የሥራ ባልደረቦቹ ሰምተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ሌላ ጠመንጃ ስለ ገዙለት ሊነሣ ቻለ፤ ነገሩን ባስታወሰ ቁጥር ግን ዕድሜውን ሙሉ ፊቱ ዐመድ ይለብስ ነበር ይባላል።

ቀልዱን የሰሙት ሁሉ ሳቁ። ጎጎል ብቻ ዐንገቱን ደፍቶ በሐሳብ ተውጦ አዳመጠ።

በዚያ ክፍል ውስጥ የታሪኩ ምንጭ ለሁሉም እኩል ነበር። ማንም ከጎጎል ያነሰ አልሰማም፤ ጎጎልም ከሌሎቹ የተለየ ምስጢር አልተነገረውም። ልዩነቱ የነገሩ ሳይሆን የአሰማሙ ነበር። ሌሎቹ አንድ ሰው ለአንድ ጠመንጃ ይህን ያህል መሆኑ አሳቃቸው፤ ጎጎል ግን በዚህ ዓለም ላይ አንድ ሰው ያለው ተስፋ ሁሉ በአንዲት ዕቃ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር እንደሚችል ተመለከተ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ምንጭ የሚባለው የሚሰማው ወሬ ብቻ አለመሆኑን ነው። ወሬው ውሃ ነው፤ የሚጠማው ልብ ከሌለ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል።

ደራሲው ነገሩን ከተቀበለ በኋላ ያደረገው ለውጥም ብዙ ያስተምራል። ጠመንጃው ካፖርት ሆነ፤ ይኸውም የደስታ ዕቃ የነበረው በፒተርስበርግ ብርድ ያለ እርሱ ለመኖር የማይቻል የዕለት ችግር ሆነ ማለት ነው። በቀልዱ ውስጥ ዕቃውን የወሰደው ደንገል ነው፤ ደንገል ደግሞ አይከሰስም። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን የአካኪ አካኪየቪችን ካፖርት የሚገፉት ሰዎች ናቸው፤ አቤት ሲል ጮኸው የሚያስደነግጡትም ሰዎች ናቸው። በቀልዱ ውስጥ የባልደረቦች መዋጮ ሰውየውን ያድነዋል፤ በልብ ወለዱ ውስጥ መዋጮው ከቁጥር የማይገባ ይሆንና ሰውየው ይሞታል። ጎጎል ጥፋተኛ ያልነበረበትን ታሪክ ጥፋተኛ ያለበት አደረገው። ከዚህም በላይ፣ በዚያው ታሪክ ውስጥ ከሌሎች ጋር ሆኖ በአካኪ ላይ ሲያሾፍ የነበረ አንድ ወጣት ጸሐፊ ድንገት ደንግጦ የሚያቆምበትና ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ጸጸት የማይለቀው የሚሆንበት ስፍራ አለ። በዚያ የጨዋታ ሰዓት ዐንገቱን የደፋው አድማጭ ራሱ ወደ ታሪኩ ገብቷል ቢባል ከሐቅ የራቀ አይሆንም።

የኮኒ ታሪክ

ሌቭ ቶልስቶይ «ትንሣኤ» የተሰኘውን ረጅም ልብ ወለዱን ያገኘበት መንገድ ጥያቄውን ከዚህም አርቆ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1887 የበጋ ወራት አናቶሊ ኮኒ የተባለ ታዋቂ የሕግ ሰው ያስናያ ፖልያና ወደሚገኘው የቶልስቶይ መኖሪያ በእንግድነት ሄዶ ሳለ በሥራው ላይ ካጋጠሙት ነገሮች አንዱን አጫወተው።

ኮኒ በፒተርስበርግ ዐቃቤ ሕግ በነበረበት ጊዜ ከደህና ቤተ ሰብ የተወለደ አንድ ሰው ወደ ቢሮው መጥቶ፣ ወህኒ ቤት ላለች ሮዛሊያ ለምትባል ሴት ደብዳቤ እንዲደርስለት ለመነው። ሴቲቱ ሴተኛ አዳሪ ነበረች፤ ከሰከረ ደንበኛዋ 100 ሩብል ሰርቃለች ተብላ የ4 ወር እስራት ተፈርዶባት ነበር። ሰውየው ላገባት እፈልጋለሁ አለ። ኮኒ ሊያስተወው ቢሞክርም አልተመለሰም። ይሁን እንጂ ጋብቻው ሳይፈጸም ሮዛሊያ እዚያው ወህኒ ቤት በተስቦ በሽታ ሞተች። የነገሩ ምስጢር የተገለጠው ከዚያ ወዲህ ነው። ሮዛሊያ አባቷ ሲሞት አንዲት ባለጸጋ ወይዘሮ ወስዳት በገረዶች ክፍል ያደገች ድኻ አደግ ነበረች። የወይዘሮዋ ዘመድ የሆነው ያ ሰው በወጣትነቱ አሳታት፤ አረገዘች፤ ከቤት ተባረረች፤ ልጇ ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከ፤ እርሷም ከአንዱ ውድቀት ወደ ሌላው እየወረደች ሄደች። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ፍርድ ቤት ከዳኛው ጋር ለፍርድ ከሚቀመጡት ሕዝባውያን ፈራጆች አንዱ ሆኖ ሲመረጥ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመችውን ሴት አይቶ ዐወቃት።

እዚህ ላይ የቶልስቶይ አደራረግ ልብ ሊባል ይገባዋል። ታሪኩን ሰምቶ ወዲያው አልወሰደውም። በመጀመሪያ ኮኒ ራሱ እንዲጽፈው መከረው። ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ኮኒ የማይጽፈው ከሆነ የታሪኩን ሐሳብ ይለቅለት እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ኮኒም በደስታ ለቀቀለት። ቶልስቶይ በማስታወሻ ደብተሩ ውስጥም ሥራውን ለብዙ ጊዜ የጠራው «የኮኒ ታሪክ» እያለ ነው። ያን ያህል ስም ያለው ደራሲ፣ በጨዋታ መካከል የሰማውን ወሬ ባለቤት እንዳለው ንብረት ቈጥሮ ፈቃድ መጠየቁ ለሙያው ታላቅ ትምህርት ነው።

ነገር ግን ፈቃዱ ዕዳውን ጨርሶታልን? ኮኒ ነጋሪ እንጂ የታሪኩ ባለቤት አልነበረም። ባለቤቷ ሮዛሊያ ነበረች፤ እርሷም በሕይወት ስላልነበረች ልትጠየቅ አትችልም። «ትንሣኤ» ከእ.ኤ.አ. 1889 መጨረሻ እስከ 1899 ድረስ 10 ዓመት የፈጀበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ደራሲው ከዚህ ዕዳ ጋር ሲታገል እንደ ኖረ ረቂቆቹ ይመሰክራሉ። በመጀመሪያዎቹ ረቂቆች ታሪኩ የሚከተለው በደለኛውን መስፍን ነበር፤ መስፍኑ ይጸጸታል፣ ያገባታል፣ ነገሩም በዚያ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ1895 መከር ላይ ቶልስቶይ ከተሳሳተ ጫፍ መጀመሩን ተረዳ። የታሪኩ ብርሃን ያለው በሴቲቱና በሕዝቡ ወገን መሆኑን፣ መስፍኑ ጥላ መሆኑን በማስታወሻው ጻፈ። መጽሐፉም እንደ አዲስ ተጀመረ፤ ዛሬ የሚነበበው «ትንሣኤ» የሚከፈተው ካቲዩሻ ማስሎቫ ከወህኒ ወጥታ ወደ ፍርድ ቤት ስትወሰድ በማሳየት ነው። ደራሲው የእስረኞችን ኑሮ በወሬ ብቻ ለመጻፍ አልፈቀደም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1899 በ70 ዓመት ዕድሜው ሞስኮ ከሚገኘው ቡቲርካ ወህኒ ቤት እስከ ባቡር ጣቢያ ድረስ ወደ ግዞት ከሚነዱት እስረኞች ጋር አብሮ ተጓዘ።

እስከ አሁን የተነገረው የሰማውንና ያየውን ነው። ሦስተኛው ምንጭ ከሁሉ ይልቅ የተደበቀው ነው። ቶልስቶይ የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ ለነበረው ለወዳጁ ለፓቬል ቢሩኮቭ፣ በወጣትነቱ በአክስቱ ቤት የምትኖር አንዲት ገረድ አስቶ እንደ ነበርና ልጅቱም ከቤት እንደ ተባረረች በእርጅናው ዘመን ተናዘዘለት። ኮኒ በሕግ ሥራው ላይ ያያቸውን ብዙ ታሪኮች ሊያወራ ይችል ነበር። ከዚያ ሁሉ ይህ አንዱ በቶልስቶይ ልብ ላይ እንደ እሾህ የተሰካው ስለ ምን እንደ ሆነ የሚገልጸው ይህ ኑዛዜ ነው። የሌላው ሰው ታሪክ የገዛ ራሱን በር አንኳኳበት። ስለዚህም መስፍን ኔኽልዩዶቭን ሲጽፍ ከዳኝነት ወንበር ላይ ሆኖ የሚፈርድበት ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አብሮት ቆሞ ነበር።

ያልተከፈለው ዕዳ

ይህ ሁሉ ሲነገር ታላላቅ ደራስያን ዘወትር ዕዳቸውን የከፈሉ ሊመስል ይችላል። እውነቱ እንዲያ አይደለም። አንቶን ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1892 ያሳተመው «ፌንጣዋ» የተሰኘው አጭር ልብ ወለድ የአንዲት የሐኪም ሚስትን ታሪክ ይተርካል። ሴቲቱ ታዋቂ ሰዎችን ስታሳድድ፣ ከአንድ ሠዓሊ ጋር በፍቅር ስትወድቅ፣ ታላቅነት በገዛ ቤቷ፣ በዝምተኛው ባሏ ውስጥ እንደ ነበር የምታውቀው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። ታሪኩ በታተመ ጊዜ በሞስኮ የጥበብ ሰዎች ዘንድ ሁሉም ማንነቱን የለየው መሰለው። ሶፍያ ኩቭሺኒኮቫ የተባለችው ሠዓሊ የሐኪም ሚስት ነበረች፤ የቼኾቭ የቅርብ ወዳጅ የሆነው ስመ ጥሩ የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ይስሐቅ ሌቪታንም ከእርሷ ጋር የነበረው ግንኙነት ከማንም የተሰወረ አልነበረም። ሌቪታን ተቈጣ፤ ወዳጅነታቸው ለ3 ዓመት ያህል ተቋረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1895 መጀመሪያ ላይ በሌላ ሰው አስታራቂነት ታረቁ። ከኩቭሺኒኮቫ ጋር ግን ዕርቅ አልወረደም።

ቼኾቭ ለዚህ የሰጠው መልስ ቀላል ነበር። የታሪኩ ሴት የ20 ዓመት ወጣትና ቆንጆ ናት፤ የተቈጣችው ወይዘሮ ግን 42 ዓመቷ ነው፤ ታዲያ ራሷን ስለ ምን ታያለች? የሚል ነበር። መልሱ ብልኅ ነው፤ ጻድቅ ግን አይደለም። ዕድሜን መቀነስና የፀጉርን ቀለም መለወጥ ዕዳ መክፈል አይደለም፤ የተወሰደውን ዕቃ ቀለም ቀብቶ መሸሸግ ነው። ጎጎል ጠመንጃውን ካፖርት ሲያደርገው የለወጠው የዕቃውን መልክ ብቻ ሳይሆን የነገሩን ፍርድ ነበር። ቼኾቭ ግን በዚያች ሴት ላይ ቀድሞ በልቡ የነበረውን ፍርድ ሳይለውጥ፣ መልኳን ብቻ ለወጠ። ለዝምተኛው ሐኪም የሰጠውን ርኅራኄ ለእርሷ ነፈጋት። «ፌንጣዋ» በጥበቡ ድንቅ ሥራ መሆኑ አይታበልም፤ ይሁን እንጂ የሥራው ድንቅነት አንዲት ሴት በሕይወቷ ዘመን በሰው ፊት መሳለቂያ መሆኗን አይሽረውም። ሁለቱ ሐቆች ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ከዚህ ተነሥቶ፣ እንግዲያማ ደራሲ የሰውን ሕይወት ከመንካት ዝም ማለት ይሻለዋል የሚል ቢኖር ሌላ ስሕተት ላይ ይወድቃል። ዕዳ የሚፈራ ሰው አይበደርም፤ የማይበደር ደራሲ ግን የለም። ጎጎል ዝም ቢል ኖሮ የዚያ ጸሐፊ ታሪክ በሳቅ መካከል ተቀብሮ ይቀር ነበር። ቶልስቶይ ዝም ቢል ሮዛሊያ በኮኒ መዝገብ ውስጥ ብቻ ትኖር ነበር። ዝምታም የራሱ ዕዳ አለው፤ እንዲያውም ድምፅ በሌላቸው ሰዎች ላይ ሲሆን ከሁሉ የከፋው ዕዳ እርሱ ነው።

ከጎጃም እስከ አስመራ

በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ታሪክም ጥያቄው ባዕድ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሚገኘው በዛብህም የዚያው አገር፣ የዚያው የቅኔ ቤት ልጅ ነው። ነገር ግን ደራሲው ያደጉበትን ዓለም ለበዛብህ ሰጡት እንጂ ዕድላቸውን አልሰጡትም። እርሳቸው ከዚያ ወጥተው በአርበኝነት፣ በጣልያን አገር ምርኮኝነት፣ በዲፕሎማሲና በሚኒስትርነት ያለፉ ሲሆኑ፣ በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን በተሳሉት ስለትና በዘር ቈጠራ አጥር መካከል ተይዞ የቀረ ሰው ነው። ደራሲው ራሳቸውን አልጻፉም፤ ከዚያ ሳይወጡ የቀሩትን ጻፉ።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ጉዱ ካሣ ነው። የአገሩን ልማድ የሚነቅፍ፣ ብቻውን የሚናገር፣ ሰው «ጉድ» ብሎ የሚስቅበት ሰው የሌለበት መንደር አይገኝም። ሕፃናት ይከተሉታል፤ ሽማግሌዎች ከንፈራቸውን ይመጣሉ፤ ሁሉም ያልፋል። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን የሚሳቅበት ሰው የነገሩን ሥር የሚያይ ብቸኛ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሐዲስም እንደ ጎጎል፣ ሌሎች ሲስቁ ዐንገታቸውን ደፍተው ያዳመጡ ደራሲ መሆናቸውን ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

በዓሉ ግርማ ደግሞ የጥያቄውን ሌላ ገጽ ያሳያል። በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» የተሰኘውን ልብ ወለድ ሲያሳትም የመረጠው ባለ ታሪክ ራሱ ደራሲ ነበር፤ አንባቢዎችም በሲራክ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን አይተናል ሲሉ ኖረዋል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው «ኦሮማይ» ግን ከወዳጅነት ክልል የወጣ ሥራ ነበር። በዓሉ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ላይ ሆኖ ያየውንና የሰማውን ለልብ ወለዱ ምንጭ አደረገው። በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን ያዩት ሰዎች ድምፅ የሌላቸው ድኾች አልነበሩም፤ ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ነበሩ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪነቱ ተነሣ፤ በየካቲት ወር 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ አልተመለሰም።

የሌቪታንና የኩቭሺኒኮቫ ቅሬታ ከ«ኦሮማይ» ጋር ሲነጻጸር አንድ አስፈላጊ ልዩነት ይገለጣል። በልብ ወለድ ውስጥ ራሱን ያየ ሁሉ ተበድሏል ማለት አይደለም። የአንድ ሰው የቤት ገመና የራሱ ነው፤ ደራሲው ሲነካው የሚነካው የሰውን ገንዘብ ነው። በሕዝብ ስም የተደረገ ነገር ግን የሕዝብ ነው፤ እርሱን ጽፎ የመለሰ ደራሲ የሰው ዕቃ አልወሰደም፤ ለባለቤቱ አስረከበ እንጂ። ለዚህ ርክክብ ሕይወቱን የከፈለ ደራሲ ዕዳውን ከነወለዱ የከፈለ ነው።

«ተረቴን መልሱ»

ከእነዚህ ምሳሌዎች በመነሣት፣ የልብ ወለድ ታሪክ ምንጭ ምንድር ነው? ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ መስጠት ይቻላል። ምንጩ በሌላው ሰው ሕይወትና በደራሲው ኅሊና መካከል ያለው መገናኛ ነው። የሌላው ሰው ሕይወት ብቻውን ወሬ ነው፤ የደራሲው ኅሊና ብቻውን ጸጸት ወይም ምኞት ነው። ታሪክ የሚፀነሰው ሁለቱ በተነካኩበት ስፍራ ነው። ስለሆነም ወጣቱ ጸሐፊ ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰው ሁሉ ስቆ ያለፈበትን ነገር ሲሰማ የገዛ ልቡ ስለ ምን መሳቅ እንዳቃተው መጠየቅ ይበቃዋል። የድርሰት መምህርም ተማሪዎቹን «አንድ ታሪክ ፍጠሩ» ከማለት ይልቅ «የሰማችሁትንና ያልረሳችሁትን ጻፉ፤ ስለ ምን እንዳልረሳችሁትም አስቡ» ቢላቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ዕዳውን በተመለከተ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አይቋጭም። ሮዛሊያ ከ«ትንሣኤ» አንዲት ሩብል አላገኘችም፤ ስለ እርሷ መጽሐፍ መጻፉንም አላወቀችም። ቶልስቶይ ከእ.ኤ.አ. 1881 ወዲህ ለጻፋቸው ሥራዎቹ ክፍያ ላለመቀበል ወስኖ የነበረ ሲሆን፣ ለዚህ መጽሐፍ ግን ገንዘብ ተቀበለ። የተቀበለውም ለራሱ አልነበረም፤ ዱኾቦር የሚባሉት፣ ጦር መሣሪያ አናነሣም ብለው ይሳደዱ የነበሩ ሩስያውያን ገበሬዎች ወደ ካናዳ የሚሰደዱበትን ወጪ ለመርዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ከ7,000 በላይ የሚሆኑት ባሕር ተሻግረው ካናዳ ገቡ። በወህኒ ቤት የሞተችው ድኻ አደግ ለማታውቃቸው ሰዎች የመርከብ ዋጋ ሆነች ማለት ነው። ይህ ለእርሷ የሚሰጠው ትርጉም ምንድር ነው? ምናልባት ምንም አይደለም። ለደራሲው ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ለአበዳሪው ሊመለስ የማይችል ዕዳ ለሌላ ችግረኛ ሊተላለፍ እንደሚገባው ያሳያልና።

በኢትዮጵያ ልጆች ዘንድ ተረት የሚያልቅበት የቆየ ልማድ አለ። ነጋሪው ሲጨርስ ዝም ብሎ አይነሣም፤ አድማጮቹን «ተረቴን መልሱ» ይላቸዋል። የተቀበላችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእናንተ ተራ ነው ማለቱ ነው። ተረቱን የነገረችው አያትም ከራሷ አያት ተቀብላው ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተረት የማንም ንብረት ሆኖ አይቀርም፤ በእጁ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ባለ አደራ ነው።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናዩ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተተረከ ጊዜ፣ መጽሐፍ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ሬዲዮ ባለበት ቤት ተሰብስበው አዳመጡት። ታሪኩ ወደ ተወሰደበት ተመለሰ ማለት ይህ ነው። ያ ድምፅ በገጠር ቤት ሲሰማ፣ እንደ ጉዱ ካሣ በመንደሩ ሲሳቅበት የኖረ አንድ ሰው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጥ ይሆናል። ማንም ዞር ብሎ ባያየው፣ ማንም «ይህ ያንተ ታሪክ ነው» ባይለው፣ በዚያች ሌሊት ግን በቤቱ ውስጥ የሳቀበት አልነበረም። እናት «ከየት አመጣኸው?» ብላ ስትጠይቀው፣ ደራሲ ቀና ብሎ ሊመልስላት የሚችለው ዕቃውን ወደ ባለቤቱ ደጅ ወስዶ ሲያደርስ ነው።